ከሠልስቱ በኋላም ሂዱ
ሐዋሳ ውስጥ ለቅሶ የምትደርሱ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሐዘንተኛው ብዙ ሰው አለለት፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮና ቡና ያቀርባል። ሠልስት አልፎ ድንኳኑ ሲፈርስ ግን ከአዲስ አበባና ከይርጋለም የመጣው ዘመድ ይመለሳል፣ ቤቱ ጭር ይላል። ከባዱ ጊዜ ያኔ ነው። እባካችሁ ያን ሳምንት አትቅሩ።

«የምትፈልጉት ነገር ካለ ደውሉ» አትበሉ፤ ሐዘንተኛ አይደውልም። እንጀራና ወጥ ይዛችሁ ግቡ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሱ። የሞት ምዝገባውንም አብራችሁ ሄዳችሁ አስጨርሱ፤ በሕጉ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ የምስክር ወረቀቱም ለውርስ፣ ለጡረታና ለባንክ ጉዳይ ይጠየቃል። ባሏን የቀበረች ሴት የሟቹን መታወቂያ ይዛ ብቻዋን ወረፋ ስትጠብቅ ማየት አንጀት ይበላል።

ስለሟቹ ለማውራትም አትፍሩ። ስሙን ጥሩ፣ የምታስታውሱትን ተናገሩ። «በቃ፣ ለልጆችሽ ስትይ በርቺ» እያሉ አፏን ከመዝጋት፣ እንባዋ ሲመጣ አጠገቧ ዝም ብሎ መቀመጥ ይሻላል። እስከ አርባው ድረስ ቀኑን ከሁለት ሦስት ጓደኛ ጋር ብትከፋፈሉት ማንም ሳይደክም ቤቱ ሰው አያጣም።