ድፍን ዓመት ልደትን በሌላ ከተማ ማክበር

30፣ 40 ወይም 50 ዓመት የሚሞላውን ሰው ለቅዳሜና እሁድ ወደ ሌላ ከተማ ስትወስዱ፣ ከከተማው በፊት የጉዞውን ርዝመት ወስኑ። ከቤት እስከ ሆቴል በር ከአራት ሰዓት በላይ ከፈጀ ከሁለቱ ቀን አንዱ መንገድ ላይ ያልቃል። ዓርብ ማታ ግቡ። ቅዳሜ ጠዋት የሚደርስ እንግዳ ብዙ ጊዜ ክፍል የሚረከበው ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ፣ ሆቴሉ ሻንጣ ካላስቀመጠለት እየጎተተ ይዞራል።

ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም መሃል ከተማ ያዙ፤ ከዳር ሆቴል የተረፈውን ገንዘብ ታክሲ ይበላዋል።

ዕቅዱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ራት ላይ ነው። ከስድስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ጠረጴዛ ከሦስት ሳምንት በፊት ያዙ፤ ቀብድ መኖሩንና ሰው ቢቀር ተመላሽ መሆኑን ጠይቁ። ሁለት ቀን ሲቀረው ደውላችሁ የሰውን ቁጥር እንደገና አረጋግጡ። ኬክ ተሸክማችሁ አትጓዙ፣ ክሬሙ ይፈርሳል። እዚያው እዘዙ፤ ምግብ ቤቱ ከውጭ የመጣ ኬክ መፍቀዱን፣ ለመቁረጫ ማስከፈሉንም አጣሩ።

መዋጮው ቦታ ከመያዙ በፊት ይሰብሰብ። ከጉዞ በኋላ ገንዘብ መጠየቅ ወዳጅነት ይፈትናል።

ለቀን አንድ ቀጠሮ ብቻ ይበቃል፤ ሙዚየም ከሆነ እሁድ መከፈቱን እዩ። ጉዞው ድንገተኛ ስጦታ ከሆነም ባለልደቱ ቢያንስ ቀኑንና የሚይዘውን ልብስ ይወቅ፤ ተረከዝ ጫማ አድርጎ ሙሉ ቀን በእግር መዞር ቅጣት ነው።