በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ምሰሶዎች ሥር ሮክፊሽ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ሰዎች ስትራይፕድ ባስ የተባለውን ዓሣ ሮክፊሽ ይሉታል። ቼሳፒክ ቤይ የተባለውን የባሕር ወሽመጥ በሚያቋርጠው ድልድይ ሥር አልነካ ሲል ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው የማባበያውን ቀለም ነው። ምሰሶ ሥር ግን አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ከውኃው ፍሰት ስለሆነ የማባበያ ሣጥን ከመክፈት በፊት ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ይቀድማል።

ዓሣው በሶናር እየታየ አይነካም

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጂጉ (ክብደት ያለው ባለመንጠቆ ማባበያ) የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ሮክፊሽ ውኃው ምሰሶውን ገጭቶ በሚለዝብበት ኪስ ወይም ከኋላው ባለው አዙሪት ውስጥ ራሱን ወደ ፍሰቱ አዙሮ ይቆማል፤ ጉልበቱን ቆጥቦ ውኃው የሚያመጣለትን ትንንሽ ዓሣ ይጠብቃል። ፍሰቱን እየተቃወመ ከጀርባው የሚመጣ ማባበያ አያታልለውም።

ድልድዩ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለተዘረጋ ጎኑን መለየት ቀላል ነው። የወሽመጡ ውኃ እንደ ባሕር በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ሲጎድል ወደ ደቡብ ይፈሳል፤ ያኔ ፍሰቱን የሚቀበለው የምሰሶው ሰሜናዊ ፊት ነው። ሲሞላ ይገለበጣል። ጂጉን ከምሰሶው አልፎ ወደ ፍሰቱ መምጫ ከ3 እስከ 5 ሜትር ወርውሩ። ከዚያ ክሩን ሳትወጥሩ፣ በጣምም ሳታላሉ፣ ውኃው ይዞት ምሰሶውን ታክኮ እንዲያልፍ አድርጉ። አብዛኛው ንክሻ ጂጉ ሲወርድ ስለሆነ እጅ ላይ ላይሰማ ይችላል። ዓይናችሁ ክሩ ውኃ ውስጥ ከሚገባበት ነጥብ አይነሳ፤ እየወረደ የነበረ ክር ድንገት ከቆመ ወይም ጣት በምታህል ወደ ጎን ከዘለለ ወዲያው ዘንጉን ሳቡ።

ምንም ንክሻ የለም፣ ውኃውም ቆሟል

ሙላትና ጉድለት የሚለዋወጡበት የእርጋታ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የውኃውን ከፍታ ሰንጠረዥ ይዞ ስለሚመጣ ነው፤ በቼሳፒክ ውኃው የሚቆምበትና ከፍታው ጫፍ የሚደርስበት ሰዓት አንድ አይደለም። ኖአ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) የሚያወጣውን የፍሰት ሰንጠረዥ ተመልከቱ። ኃይለኛ ነፋስ ይህንንም ሊያዛባው ይችላል።

ጂጉ ታች አይደርስም፣ ወይም በየውርወራው ይያዛል

ሁለቱም የክብደት ጉዳይ ናቸው። ጥልቀቱ 20 ጫማ ገደማ ሆኖ ፍሰቱ ቀስ ሲል ከ1/2 እስከ 3/4 አውንስ (ከ14 እስከ 21 ግራም) ይበቃል። ጠለቅና ፈጠን ሲል ከ1 እስከ 2 አውንስ ድረስ በሩብ አውንስ እየጨመራችሁ ሂዱ። ታች ሲነካ ወዲያው አንሱት፤ በድንጋዩ ላይ የሚጎተት ጂግ ይቀራል። ከተያዘ ጀልባውን ወደ ተቃራኒው ጎን ወስዳችሁ ከዚያ ሳቡት። ብሬይድ (ተጎንጉኖ የተሠራ ቀጭን) ክር በእጅ ጠቅልሎ መሳብ ሥጋ ይቆርጣል።

ክሩ እየተበጠሰ ነው

የተበጠሰውን ጫፍ ተመልከቱ፤ መልሱ እዚያ አለ። ጫፉ ሸካራ ሆኖ ከነጣ በምሰሶው ላይ የተጣበቀው ዛጎል በልቶታል። እንደ ጸጉር ተጠቅልሎ ከመጣ ቋጠሮው ተንሸራትቷል። ለዛጎሉ ከ15 እስከ 20 ፓውንድ በሚችል ብሬይድ ላይ 30 ፓውንድ የሚችል የፍሎሮካርቦን ሊደር (ከማባበያው በፊት የሚታሰር ጠንካራ አጭር ክር)፣ ርዝመቱ ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር፣ እሰሩ። ለቋጠሮው፣ ከማጥበቅ በፊት በምራቅ ማርጠብ ግድ ነው፤ ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ ይሞቅና ይደክማል። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የሊደሩን የመጨረሻ 30 ሳንቲሜትር በጣት ዳብሱ፤ ሸክሮ ጥፍር ከያዘ ቁረጡና እንደገና እሰሩ።

ዓሣው እንደተያዘ ወደ ምሰሶው ይሮጣል። ዘንጉን ወደ ላይ ሳይሆን ዝቅ አድርጎ ወደ ጎን መሳብ ራሱን ያዞረዋል፤ ነጂው በዚያው ቅጽበት ጀልባውን ያርቅ።

ጀልባው ወደ ምሰሶው ይገፋል

አፍንጫው ወደ ፍሰቱ ይሁን፣ ፍሰቱ ምሰሶውን አልፎ በሚሄድበት ጎንም ቁሙ፤ ሞተር ቢጠፋ ውኃው ያርቃችኋል። እዚህ ግን ድልድዩ ሁለት ነው፦ ደቡባዊው በ1952፣ ሰሜናዊው በ1973 የተከፈተ። ውኃ እየጎደለ ከሰሜናዊው ሥር ብትቆሙ፣ ሞተር የጠፋበት ጀልባ በደቡባዊው ምሰሶዎች ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጀማሪ ሲጎድል በደቡባዊው፣ ሲሞላ በሰሜናዊው ድልድይ ያጥምድ። ምሰሶ ላይ ፈጽሞ አትታሰሩ።

የተለቀቀው ዓሣ ሆዱን ሰቅሎ ይንሳፈፋል

ይህ ከሁሉም የሚያሳዝን ነው። ሞቃት ውኃ፣ ረጅም ትግልና አየር ላይ መቆየት ተደማምረው ይገድሉታል። ቀጭን ዘንግ ይዞ ዓሣውን ማድከም እዚህ ስህተት ነው፤ ቶሎ ወደ ጀልባው ሳቡት፣ እጃችሁን አርጥቡ፣ የመንጠቆውን እሾህ ገና ሳትወረውሩ በፒንሳ ጨፍልቁ፣ ከተቻለ ውኃ ውስጥ እንዳለ ፍቱት። የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በሞቃቱ ወራት የየቀኑን ሁኔታ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ባንዲራ ያሳውቃል። ቀይ በሆነ ቀን ሮክፊሽን ተዉትና ሌላ ዓሣ አጥምዱ። በ2024 በወሽመጡ ውስጥ የተፈቀደው በቀን አንድ፣ ከ19 እስከ 24 ኢንች የሆነ ዓሣ ነበር፤ ወቅቱና መጠኑ ስለሚለዋወጥ ከመውጣታችሁ በፊት የዓመቱን ደንብ አረጋግጡ።