ሐዋሳ ተቀምጦ በረዶ መሳል፦ ከጂኦሎጂስት ጋር መሥራት ለምትፈልጉ ሰዓሊዎች

ሳይንቲስት ዘንድ ስትሄዱ ፕሮፖዛል ይዛችሁ አትሂዱ። ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። «ስለ አየር ንብረት ለውጥ በጋራ እንሥራ» የሚል ደብዳቤ ማንም አይመልስም። እኔም ብሆን አልመልስም። «ከሐይቅ ሥር የወጣ ጭቃ ቀለሙ ለምን ይቀያየራል? ናሙና ካላችሁ ቁጭ ብዬ ልሳለው?» ብትሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለ ድንጋይ ከልቡ የሚጠይቅ ሰው ለጂኦሎጂስት ብርቅ ነው።

ሐዋሳ ላለን ሰው ይሄ ሩቅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ነው። ሐይቁ ራሱ የተኛው ጥንት ፈንድቶ በተደረመሰ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ጂኦሎጂስቶቹ ዘንድ በፈተና ሰሞን ግን አትሂዱ። ወደ መስክ ሲወጡ «ናሙና ልሸከምላችሁ» በሉ። ቢሮ ውስጥ ቆጠብ የሚል ምሁር የድንጋይ ካባ ውስጥ ሲገባ አፉ ይፈታል።

«በረዶውስ የት አለ?» ትሉኝ ይሆናል። ባሌ ተራሮች ላይ ነበረ። ባለፈው የበረዶ ዘመን ሳነቲ አምባ ላይ ግግር በረዶ ተኝቶ ነበር። ከሻሸመኔ በዶዶላ አድርጋችሁ ጎባ ከደረሳችሁ ወደ አምባው የሚያወጣ መንገድ አለ። እዚያ ትላልቅ ድንጋዮች መስመር ሠርተው ተዘርግተዋል። አንዳንዱ መስመር እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ እስከ 15 ሜትር ይደርሳል። የሰው እጅ አልደረደራቸውም። መሬቱ ሲበርድ እየረጋ፣ ሲሞቅ እየቀለጠ ነው ቀስ በቀስ የገፋቸው። ሳይንቲስቶች የዚያን ዘመን ብርድ ከሚገምቱባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። እዚያው ባሌ፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዓለት መጠለያ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። ከግግር በረዶው ብዙም ሳይርቁ፣ ባልጩታቸውንም ከዚያው ተራራ ላይ እያመጡ። ከአምባው ንድፍ ብቻ ይዛችሁ ተመለሱ። ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ጠጠር አይነሳም።

ለቁሳቁስ የከተማው ዳር ይበቃል። ፑሚስ፣ ማለትም ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የሚቆፈርባቸው ካባዎች አሉ። በሰሜን በኩል ኮርቤቲ የተባለውን እሳተ ገሞራ ባልጩት ሞልቶታል። ባለቤቱን ወይም ቀበሌውን ሳታስፈቅዱ አትንኩ። ተቦርቡሮ የቆመ የፑሚስ ግድግዳ ሥር አትቁሙ፤ ሳይታሰብ ይናዳል። ባልጩት ስትሰብሩ የዓይን መከላከያ አድርጉ። ስንጥሩ ከምላጭ አያንስም።

አሁን ሰዓሊዎች የምንሰንፍበት ነገር። እያንዳንዱን ናሙና በየራሱ ላስቲክ አድርጉና ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከላይ ስንት ሜትር ዝቅ ብሎ እንደተነሳ ጻፉበት። ወደ ላይ የነበረውን ጎን በቀስት አመልክቱ። ፎቶ ስታነሱ እስክሪብቶ አጠገቡ አስቀምጡ፤ መጠኑ ይታወቅ። አብሬው የምሠራው ጂኦሎጂስት ድንጋይ ባሳየሁት ቁጥር «አንቺ፣ ላይኛው የቱ ነው?» ይለኛል። ለእሱ ቦታው የማይታወቅ ድንጋይ ለግንብ ነው የሚሆነው።

ቀለም ማዘጋጀቱ ቀላል ነው። በሙቀጫ ውቀጡ፣ በወንፊት ንፉ፣ በግራር ሙጫ ለውሱ። ግን ደረቁን አትውቀጡ፤ ውሃ ጨምሩበት። የእሳተ ገሞራ አመድ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው። ማስክ አድርጉ። ቡና የሚወቀጥበትን ሙቀጫ ደግሞ ተዉት፤ ለቤት ሰላም ስል ነው።

ወደ በረዶው እንምጣ። ፍሪዘር ያለው ሰው ሁሉ መሥራት ይችላል። መስተዋት የመሰለ በረዶ ከፈለጋችሁ ክዳኑን ያነሳችሁለትን የፎም ሳጥን ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ጎኑና ታቹ በፎም ስለተሸፈነ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይረጋል። አየሩ እየተገፋ ወደ ሥር ይወርዳል። ሙሉ በሙሉ ሳይረጋ አውጡት፤ የደፈረሰውን ታችኛውን ክፍል ቁረጡና ጣሉ። መብራት ከሄደ ፍሪዘሩን አትክፈቱ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የፍሪዘራችን በረዶ ውስጥ ያለው አረፋ ውሃው ሲረጋ ያስወጣው አየር ነው። የአንታርክቲካው ሌላ ነው። እዚያ በረዶ በበረዶ ላይ እየወረደ፣ በገዛ ክብደቱ እየተጫነ፣ የዘመኑን አየር ውስጡ ያፍነዋል። ዶም ሲ በተባለው ቦታ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ተቆፍሮ የወጣው በረዶ 800,000 ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል። ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ የኤግዚቢሽን ጽሑፍ ላይ ከጻፋችሁ ሳይንቲስቱ ይቀየማችኋል። እውነቱን ነው።

የእሳተ ገሞራ አመድ ያለበት ንብርብር በረዶ ለመሥራት ሁለት ሳንቲ ሜትር ውሃ አፍስሱ። ፊቱ መርጋት ሲጀምር አመዱን በትኑበት። ደንደን ሲል ቀጣዩን ውሃ ጨምሩ፤ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ይሁን፣ አለዚያ ያለፈውን ያቀልጠዋል። የፑሚስ ጠጠር ይንሳፈፋል፤ ባልጩት ይሰምጣል። ይሄን አስቡበት፤ ስዕሉን ይለውጠዋል።

ከዚያ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ላይ አስቀምጡትና ይቅለጥ። ወረቀቱ ያረፈበትን ሰሌዳ ትንሽ ካጋደላችሁት ውሃው ደቃቁን ይዞ ይሄዳል፤ ሻካራው ወደ ኋላ ይቀራል። በጣም ያምራል። ጂኦሎጂስቱ ግን አየት አደረገና «ይሄ ጎርፍ ነው» አለኝ። ውሃ እንደ ወንፊት ይለያል። ግግር በረዶ ግን አይመርጥም፤ ቋጥኙንም ብናኙንም ደባልቆ ይዞ መጥቶ፣ ሲቀልጥ እንደተደባለቀ ጥሎት ይሄዳል። ጂኦሎጂስቶች «እዚህ በረዶ ነበረ» ከሚሉባቸው ምልክቶች አንዱ ይሄው ነው። የበረዶውን ለማሳየት ጠጠሩንና አመዱን ከጥቂት ውሃ ጋር ለውሳችሁ ወፍራም አድርጋችሁ እንዲረጋ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ሰሌዳው አያጋድል። ሲቀልጥ ውሃውን ከዳር በስፖንጅ ምጠጡ፤ ወረቀቱን አታንቀሳቅሱ። እኔ አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የምሰቅላቸው። ተማሪ መጥቶ ልዩነቱን ራሱ ሲያገኘው ማየት ደስ ይለኛል።

ቁጥር ስትጠቀሙ ደግሞ አስሉበት። ለእኛ የበረዶ ቁፋሮውን ቦታ የሚይዝልን የሐይቅ ደለል ነው። ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ባለው ጨው ባህር ላይ በ2014 እ.ኤ.አ. 280 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ የወጣው ደለል የ620,000 ዓመት ታሪክ ይዟል። በአማካይ አንድ ሚሊ ሜትር ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ጥቅል ወረቀት በእውነተኛው መጠን ብትስሉ ከ2,000 ዓመት በላይ ይዛችኋል። አማካይ መሆኑን ግን ጻፉ፤ ደለል በየዓመቱ እኩል አይቀመጥም። የሳይንቲስቱን ግራፍ ለውበት ብላችሁ አትለጥጡ። ከለጠጣችሁም ስንት እጥፍ እንደሆነ ግለጹ።

ስለ ስምምነቱ ሳልጠቅስ አላልፍም። አርቲስቱ ኦላፉር ኤሊያሰን ከጂኦሎጂስቱ ሚኒክ ሮሲንግ ጋር ከግሪንላንድ ፊዮርድ (በገደል መሃል የገባ ጠባብ የባህር ክንድ) የተነሱ 12 የበረዶ ቋጥኞች በ2015 እ.ኤ.አ. ፓሪስ አደባባይ ላይ እንደ ሰዓት ቁጥሮች በክብ አቁመው ሲያቀልጡ ሥራው የሁለቱም ነበር። ያን ያህል በረዶ ማጓጓዝ እኛን አይመለከተንም፤ ገንዘቡም የለን። የስሙን ጉዳይ ግን እንቅዳ። ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ። ስዕሉ የማን ነው? ሲሸጥስ? ሳይንቲስቱ ገና ያላሳተመው ውጤት ካለ እስኪያሳትም አታሳዩት፤ ፎቶውንም ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። ናሙና ከአገር የሚወጣ ከሆነ ፈቃዱን አስቀድሞ ማን እንደሚጨርስ ተስማሙ። ለወረቀት፣ ለትራንስፖርትና ለመብራት የሚወጣውን ደግሞ ሳታፍሩ ጠይቁ። «ለልምድ ነው» የሚል ካለ ለመስክ መኪናው ነዳጅም በልምድ ይሞላ እንደሆነ ጠይቁልኝ።