መብራት ሲመጣ በደረቅ የሚነሳ ፓምፕ፦ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ዕቃዎች ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፓምፑ ባዶ ታንከር ላይ ይነሳል

ድሬዳዋ ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይህ ነው። የታችኛው ታንከር ሴንሰር የውሃውን መጠን በኤምኪውቲቲ (ዕቃዎች አጫጭር መልእክት የሚለዋወጡበት ስልት) ይልካል፤ ፓምፑን የያዘው ኢኤስፒ8266 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ መቆጣጠሪያ) ያንን ሰምቶ ውሃውን ወደ ጣሪያው ታንከር ይገፋል። መብራት ይጠፋል፤ ቤተሰቡ ከታች በባልዲ ሲቀዳ ይውላል፤ ታንከሩ ይደርቃል። መብራት ሲመጣ ፓምፑ ወዲያው ተነስቶ ያለ ውሃ ይሽከረከራል፤ የመቃጠል ሽታ ሲመጣ ውሃ የሚይዘው ጎማ አልቆለታል። ከዚያ «ፓምፑ ጥራት የለውም» ተብሎ ሌላ ይገዛል፤ እሱም በሚቀጥለው መጥፋት ያንኑ ዕጣ ያገኛል።

ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም። «ሙሉ ነው» የሚለው መልእክት ሪቴይን ተደርጎ (የመጨረሻው ይቀመጥ ተብሎ) ስለተላከ ብሮከሩ፣ ማለትም መልእክቶቹን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ፕሮግራም፣ አስቀምጦታል፤ ፓምፑ እንደገና ሲገባ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው። የጠዋት ወሬ ይሁን የአሁን፣ የሚለይበት ነገር የለም። ሞስኪቶ የተባለው ብሮከር ደግሞ ማስቀመጥ ሲፈቀድለት፣ ቅንብሩ ካልተነካ፣ የያዘውን ወደ ዲስክ የሚጽፈው በየ1800 ሰከንዱ ነው። ድንገት ሲጠፋ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ሳይጻፍ ሊቀር ስለሚችል፣ የሚመለሰው ሴንሰሩ በመጨረሻ ከላከውም የቆየ ሊሆን ይችላል።

«ላስት ዊል አስገብቻለሁ» ብሎ መዝናናት አይበቃም። ላስት ዊልን (ዕቃው በድንገት ሲጠፋ ለሌሎች እንዲነገር አስቀድሞ የሚተወውን መልእክት) የሚያሰማው ብሮከሩ ነው፤ ብሮከሩ አብሮ ሲጠፋ የሚናገር የለም። የሚጠቅመው ሴንሰሩ ብቻውን ሲሞት ነው፤ ያኔም ኪፕአላይቭ (ዕቃው «አለሁ» ሳይል የሚቆይበት ጊዜ) 15 ሰከንድ ከሆነ፣ ብሮከሩ አንድ ተኩል እጥፉን ስለሚጠብቅ፣ የሚታወቀው ከ22 ሰከንድ ግድም በኋላ ነው።

መፍትሄው፦ ሴንሰሩ በየ10 ሰከንዱ መጠኑን እየጨመረ ከሚሄድ ተራ ቁጥር ጋር፣ ያለ ሪቴይን ይላክ። ፓምፑ ሲነሳ ሁኔታው «አይታወቅም» ይሁን፤ አይታወቅም ማለት መቆም ነው። ተራ ቁጥራቸው የጨመረ ሁለት መልእክቶች ተከታትለው ካልደረሱ ሪሌዩ (ፓምፑን የሚያበራው ማብሪያ) አይነካ። ሴንሰሩ ራሱ ተነስቶ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ከወረደ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመር። የመጨረሻው መልእክት ከደረሰ 30 ሰከንድ ካለፈ ፓምፑ ይቁም። ይህ በሚሊስ (መቆጣጠሪያው ከተነሳ ጀምሮ ሚሊሰከንድ በሚቆጥረው) ሲሰላ «አሁን ሲቀነስ የመጨረሻው» ተብሎ ይጻፍ፤ «የመጨረሻው ሲደመር 30,000» ከተባለ ቆጣሪው በ49.7 ቀን ግድም ወደ ዜሮ ሲመለስ ይሳሳታል።

በመልእክቱ ላይ ሰዓት መጻፍ ለምን አይበቃም? ብሮከር የሚጫንባቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች፣ ራስበሪ ፓይ 4ም ሆነ ከሱ በፊት ያሉት፣ በባትሪ የሚሄድ ሰዓት የላቸውም፤ ኢንተርኔት እስኪመጣ ወደ ኋላ ቀርተው ይነሳሉ። ሰዓት የግድ ከሆነ ዲኤስ3231 (በባትሪ የሚሄድ የሰዓት ቺፕ) ይገጠም።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮዱ ቢስተካከልም የድሮው መልእክት ብሮከሩ ውስጥ ተቀምጧል። በዚያው ቶፒክ (የመልእክቱ አድራሻ) ባዶ መልእክት ሪቴይን አድርገው ልከው ያጥፉት። ፐብሰብክላየንት የተባለው የኤምኪውቲቲ ላይብረሪ የደረሰው መልእክት የተቀመጠ ይሁን ትኩስ አይነግርም፤ በሱ አይተማመኑ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ በ220 ቮልት የሚሠራ ፓምፕ ለኮድ ብቻ አይተውም። ታንከሩ ሲደርቅ የሚቆርጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ በመስመሩ ላይ ይግባ። እሱን ለመቆጠብ ፓምፕ መክሰር አሳዛኝ ነው።

ችግር፦ ሰው ተቀምጦ ሳለ ቬንትሌተሩ ይጠፋል፣ ያውም ቀትር ላይ

ሰው ሲኖር ቬንትሌተሩን የሚያበራው ፒአይአር (የሙቀት ጨረር) ሴንሰር የሚያየው በሰውነትና በአካባቢው ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ቤት ውስጥ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲጠጋ ልዩነቱ ይጠባል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ሰው ደግሞ በብርድም አያየውም። ኤልዲ2410 ራዳር ይተካ፤ ግን ወደ ቬንትሌተሩና ወደ መጋረጃው አይዙር፣ የእነሱን እንቅስቃሴ ሰው ይለዋል።

ችግር፦ ሙቀቱ በድንገት 85 ይላል

ዲኤስ18ቢ20 የተባለው የሙቀት ሴንሰር ኃይል ሲያገኝ የሚነሳው በዚህ ቁጥር ነው፤ ልኬቱ 750 ሚሊሰከንድ ሳይሞላው ተነቧል ወይም ቮልቴጁ ወርዷል። 85ንና −127ን (ሴንሰሩ ሳይመልስ ሲቀር የሚመጣውን) ጥለው እንደገና ያንብቡ፤ በዳታ ገመዱ ላይ ያለውን የ4.7 ኪሎኦም ሬዚስተርም ይዩ።

ችግር፦ ሁለት ዕቃዎች እየተፈራረቁ ይወጣሉ ይገባሉ

ኮዱ ሲገለበጥ የክላየንት ስሙ (ዕቃው ለብሮከሩ ራሱን የሚያስተዋውቅበት) አብሮ ተገልብጧል፤ ብሮከሩ አዲሱን ሲያስገባ የቀድሞውን ያስወጣል። ስሙ ከማክ አድራሻው (የእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የኔትወርክ መለያ) ይወሰድ።

ችግር፦ ሐረር ጁገል ውስጥ ዋይፋዩ ክፍል አይሻገርም

ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። ገመድ ይዘርጉ።

ችግር፦ ማታ 1 ሰዓት የተባለው አምፖል ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይበራል

ፕሮግራሙ 1ን እንደ 01:00 አንብቦታል። ከማታ 1 እስከ 5 ሰዓት ላለው 18 ይደመር፤ የቀን ሰዓት ላይ 6። ስህተቱ ልክ 3 ሰዓት ከሆነ ግን የሰዓት ቀጠናው አልተሞላም።