የበረቱ አግዳሚ ከምሰሶው ሲላቀቅ ያደረግኩት

የላሞቼን በረት ጣሪያ የተሸከመው አግዳሚ እንጨት ከምሰሶው ጎን የተያዘው በሁለት ሚስማር ብቻ ነበር። ባሕር ዛፉ በእርጥቡ ተሠርቶ ሲደርቅ ሚስማሩ በገባበት ተሰነጠቀ። የአዳማን ንፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ተርባይን የሚያዞር ነው። መጀመሪያ ሚስማር ጨመርኩ፣ ባሰበት።

ከዚያ ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት ይዤ አግዳሚውን ቀየርኩ። የምሰሶውን ጫፍ እስከ ግማሽ ውፍረቱ በመጋዝና በመሮ ቆርጬ መቀመጫ አወጣሁለት። አሁን ክብደቱን የሚሸከመው እንጨቱ ነው፤ ያሳለፍኩት 12 ሚሊ ብሎን ንፋስ ሲያነሳው ይይዘዋል። ብሎኑን ከሚያጠብቀው ዳዶ ስር ሰፊ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) ግድ ነው፣ አለዚያ እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል። በየማዕዘኑ ሰያፍ ድጋፍ መታሁ።

አዲሱ አግዳሚም እርጥብ ስለነበር ከወር በኋላ ዳዶው ላልቶ አገኘሁት፤ አንድ ዙር ተኩል አጠበቅሁት።