ኤሌክትሪክ «ሱፐርቻርጀር» ከተገጠመላት በኋላ የደከመች መኪና፦ ችግርና መፍትሄ

አዳማ ውስጥ ከመኪና አየር ማስገቢያ ቱቦ ላይ የፈታኋቸው ማራገቢያዎች ጋራዡ ጥግ አንድ ካርቶን ሞልተዋል። ሁሉም ፕላስቲክ፣ መዳፍ የሚያክሉና በ12 ቮልት የሚሽከረከሩ ናቸው። ሻጮቻቸው «ሱፐርቻርጀር»፣ ማለትም አየር አጭቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መጭመቂያ፣ ብለው ይሸጧቸዋል። የካንዴላ፣ የባትሪና የቤንዚን ፓምፕ ፍተሻ እንደምታውቁ ቆጥሬ በቀጥታ ወደ ምልክቶቹ እገባለሁ።

ምልክት፦ ማራገቢያው ከተገጠመ ወዲህ መኪናዋ ዳገት ላይ ይበልጥ ደከመች

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይህ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ሹፌር 1.3 ሊትር ቪትዙን ይዞ መጣ። ወደ ሞጆ በሚያወጣው ዳገት ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን አሁን ሁለተኛ ካላስገባ አልሆን ብሎታል። ኮፈኑን ከፍቶ ማራገቢያውን አበራና «ጋሼ፣ እጅዎን ያስጠጉ፤ ነፋሱ ይሰማል እኮ» አለኝ። በእርግጥም ይሰማል። «ነፋሱን ተወው፣ ልጄ፤ ግፊቱን እንለካ» አልኩት።

የግፊት መለኪያ ከስሮትሉ (ፔዳል ሲረገጥ ለአየር ከሚከፈተው በር) በኋላ ካለው ቀዳዳ ጋር አገናኘሁ። ሞተሩ ጠፍቶ 83 ኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) አነበበ። ይህ የአዳማ የራሷ አየር ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ከ101 ተነስቶ እዚህ ይወርዳል። በሁለተኛ ማርሽ ፔዳሉን እስከ ወለሉ አስረግጬው፣ ማራገቢያው እየዞረ፣ መርፌው 76 ላይ ቆመ። ማራገቢያውን ፈትተን በዚያው መንገድ ደገምነው፤ 81 ሆነ። ግፊት የሚጨምር ዕቃ ቢሆን ኖሮ ከ83 በላይ ማሳየት ነበረበት።

ምክንያት፦ አራት ምት ያለው ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው አየር የሚሞላው። 1.3 ሊትሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ሙሉ ቢሞላ 3,900 ሊትር ይጠይቃል፤ በተግባር 3,300 ያህል ይስባል። ያ ሁሉ አየር በማራገቢያው ምላሶችና በሞተሩ እምብርት መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ማለፍ አለበት። ሞተሩ ከማራገቢያው ፈጥኖ ስለሚስብ ማራገቢያው ገፊ መሆኑ ቀርቶ በር ላይ የቆመ እንቅፋት ይሆናል። እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ የአየሩ ፍጥነት ነው፤ ግፊት ግን ሌላ ነገር ነው።

የኃይሉን ሒሳብም ተመልከቱ። በዚህ ሞተር ላይ 0.3 ባር (30 ኪሎፓስካል) ለመጨመር ወደ 3 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ በ12 ቮልት 250 አምፔር ማለት ነው። የትናንሽ መኪኖች ዲናሞ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 አምፔር ያመነጫል። እኔ የለካኋቸው ማራገቢያዎች ከ5 አምፔር አልበለጡም፤ አንድ የቤት አምፖል የሚያበራ ኃይል ነው። ይህን እያወቀ ለሹፌር የሚሸጥ ሰው ያናድደኛል፤ ልጁ የከፈለው የሁለት ሳምንት ገቢውን ነበር።

መፍትሄ፦ አውጥታችሁ ጣሉት። የቀድሞውን ቱቦና የአየር ፊልትሮ ቤት መልሱ። ከዚያ ሰውየውን ማራገቢያ ወደ መግዛት የገፋውን የመጀመሪያውን ድካም ፈልጉ። ፊልትሮው ታፍኗል? አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ ስሮትሉ እስከ መጨረሻው ይከፈታል? ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል? ማርሚታው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ ተደፍኖ እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩን በ2,500 ዙር አቆዩት፤ የቫኪዩም መለኪያው ቀስ በቀስ ከወረደ መውጫው ተዘግቷል።

ምልክት፦ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ ፒ0171 (አየሩ በዝቶ ነዳጁ አነሰ የሚል ኮድ) ይነበባል

አየር፣ መጠኑን ከሚለካው ሴንሰር በኋላ እየገባ ነው፤ ማራገቢያው የተቀጠለበት መጋጠሚያ አልተጠበቀም። አንዳንዴም ከሴንሰሩ ፊት የተገጠመ ማራገቢያ አየሩን ስለሚያዞረው ልኬቱ ይሳሳታል። ኮዱን ብቻ አጥፍታችሁ መኪናውን አታስረክቡ።

ምልክት፦ ፊውዝ ይቃጠላል፣ የፊት መብራት ይደበዝዛል

ሽቦው ያለ ሬሌ (ብዙ አምፔር የሚሸከም ማብሪያ) ከሌላ መስመር ላይ ተቀጥሏል። ንቀሉት። በፊውዙ ቦታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት አታድርጉ፤ መኪና ይቃጠላል።

ምልክት፦ «የእኔስ ጉልበት ጨምሯል» የሚል ሹፌር

በዚያው ቀን ፊልትሮና ካንዴላ ተቀይሮለት እንደሆነ ጠይቁት። ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር «ቺፕ» ተብሎ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ የአየር ሙቀት ሴንሰሩን ንባብ የሚያሳስት ተራ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገታ ቁራጭ) ነው።

እውነተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጭመቂያ ግን አለ። አውዲ በ2016 ያወጣው ኤስኪው7 ናፍጣ መኪና ላይ በ48 ቮልት የሚሠራ፣ እስከ 7 ኪሎዋት የሚወስድ፣ ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ 70,000 ዙር የሚደርስ መጭመቂያ ተገጥሟል። ሥራውም በጭስ ግፊት የሚዞሩት ሁለቱ መጭመቂያዎች (ቱርቦዎች) እስኪነቁ ድረስ ያለውን ክፍተት መሙላት ነው። ያንኑ 7 ኪሎዋት በ12 ቮልት ለማግኘት ከ580 አምፔር በላይ ይጠይቃል። ነዳጁም አብሮ ካልተስተካከለ፣ በቤንዚን ሞተር ላይ የተጨመረ አየር ማንኳኳት (ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ ያለ አግባብ መፈንዳቱ) ያመጣል፤ ማንኳኳት ደግሞ ፒስተን ይበሳል።

ምልክት፦ ማራገቢያው ወጥቶም ጉልበቱ አልተመለሰም፣ ዘይት ይጎድላል

ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህንን ነው። ገጣሚዎቹ ቦታ ለማግኘት የፊልትሮውን ቤት ቆርጠው ያወጣሉ። የአዳማን ነፋስና አቧራ የሚያውቅ ሰው ይህን እንዴት ያደርጋል? ያለ ፊልትሮ አትንዱ፤ እስከ ጎሚስታው ድረስም ቢሆን። የቪትዙን ስሮትል በነጭ ጨርቅ ስጠርገው ጨርቁ እንደ ዱቄት የላመ ቡናማ አቧራ ይዞ ወጣ። አንድ የማራገቢያ ምላስም ጫፉ ተሰብሮ አገኘሁ፤ ስባሪውን ግን ቱቦው ውስጥ አጣሁት።

ምክንያቱን ለማረጋገጥ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ ለኩ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ደግማችሁ ለኩ። ካልተለወጠ ቫልቩን ተጠራጠሩ። ከፍ ካለ የፒስተን ቀለበቶቹ በአቧራው ተበልተዋል። የቪትዙ ሦስተኛ ሲሊንደር ከፍ አለ፤ ልጁም ሞተሩን ለማስወረድ ገንዘብ እያጠራቀመ፣ በየሁለት ቀኑ ዘይት እየጨመረ ይሠራል።