ቮልሳችሁን ባለ ዲስክ ፍሬን ከማድረጋችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ቮልሱን ይዞልኝ መጣ። ከፊት የሚያብረቀርቅ አዲስ ዲስክ ገጥሟል። ፔዳሉን ስረግጠው ግን ወለል ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጎንበስ ብዬ ሳይ የፍሬን ቱቦዎቹ ድሮ የነበሩት ናቸው፣ መታጠፊያቸው ላይ ተሰነጣጥቀዋል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።

ፔዳሉን ያወረደው የኋላው ታምቡር፣ ማለትም ከበሮ የሚመስለው የድሮው ዓይነት ፍሬን ነው። ታምቡሩን ከውስጥ እየተፋተገ የሚይዘው የቮልስ ሸራ ራሱን አያስተካክልም። በየታምቡሩ ውስጥ ሁለት ጥርስ ያላቸው ማስተካከያዎች አሉ። በቀዳዳው ካቻቪቴ አስገብታችሁ ጎማው እስኪያዝ ታጠብቃላችሁ። ከዚያ ጎማው በነፃ እስኪዞር ሁለት ሦስት ጥርስ መመለስ ነው። "ፍሬኑ አይዝም" ብለው ዲስክ ሊገዙ ከሚመጡት ብዙዎቹ ይህንን ብቻ ነው የሚፈልጉት። ሳታስተካክሉ ዲስክ አትግዙ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፤ ቱቦው። እባካችሁ አራቱንም ቀይሩ! ለዲስኩ ያን ሁሉ ብር አውጥቶ በቱቦ መቆጠብ ምን ይባላል? ደግሞ አደጋው መፈንዳቱ ብቻ አይደለም። ያረጀ ቱቦ ከውስጥ ያብጣል። ስትረግጡ ዘይቱን ያሳልፈዋል፣ ስትለቁ ግን አይመልሰውም። አንዱ ጎማ እንደተያዘ ይቀራል፣ ይግላል፣ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ሰው ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን ካሊፐር ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ሌላ ይገዛል። ጥፋቱ ግን እዚያች አንድ ቱቦ ውስጥ ነው። ከውጭ ደህና ስለምትመስል ማንም አይጠረጥራትም።

የፍሬን ዘይቱን በተመለከተ እኔም ተሳስቻለሁ። ሸራ ቀይሬ አሮጌውን ዘይት ተውኩት። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ፔዳሉ እግሬ ስር ሟሟ። ልጄ አጠገቤ ነበረች። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ቀስ እያልኩ ስቤ ቆምኩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ በቱቦው ውስጥ የምትገፉት እንፋሎት ነው። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ደግሞ በፍጹም አትጨምሩበት፣ ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል።

ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ማስተር ሲሊንደር፣ የታምቡሩ ከሆነ ለዲስክ አይሆንም። መስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት ይዛ የምታስቀር ቫልቭ አለችው። ለታምቡር ጥሩ ናት፣ ዲስክን ግን ሁልጊዜ እንደያዘች ታቆየዋለች።

አዲሱን ማስተር ስትገጥሙ በፔዳሉ ዘንግና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። ፔዳሉ ላይ ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ልል ሆኖ ይሰማችኋል። "ፔዳሉ ቶሎ ይያዝልኝ" ብሎ ይህን ክፍተት የሚያጠፋ አለ። ያኔ ዘይቱ የሚመለስበት ቀዳዳ ይዘጋል። ፍሬኑ ሲሞቅ ዘይቱ ይለጠጣል፣ መሄጃ ያጣል፣ ጎማዎቹ መንገድ ላይ ይያዛሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት የቸርኬውን ብሎን ቁጠሩ። የቀድሞዎቹ ቮልሶች ባለ 5 ናቸው፣ የኋለኞቹ ባለ 4። የፊት እግሩም በሁሉም ቮልስ አንድ ዓይነት አይደለም።

የኋላውንም ዲስክ የምታደርጉ ከሆነ የእጅ ፍሬን መኖሩን አረጋግጡ። የታምቡሩን አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ በድሮ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ሳንባን የሚጎዳ ነገር ሊኖር ይችላል።

ከፍሬን መስመሩ ውስጥ አየሩን አውጥታችሁ ስትጨርሱ በቀጥታ ወደ ቁልቁለት አትሂዱ። ባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ ሞክሩት። ከዚያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬን ሳታበዙ ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። ከጎን ጓደኛው ይበልጥ የሚግል ካለ ያ ጎማ ተይዟል። የወጣቱን መኪና ቱቦዎቹን ቀይረን ሁለት ጊዜ እንዲህ ፈተሽነው። በሁለተኛው ግራና ቀኙ እኩል ለብ ብሎ ስናገኘው ቁልፉን ሰጠሁት።